ከበዓሉ ማግስትስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ፋሲካ ሲደርስ ወደ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል የሚጎርፈውን ሰው ሳይ ደስ ይለኛል። ዶሮ ወጡ፣ ድፎው፣ ለስላሳው አይጠፋም። እኔን የሚያሳስበኝ ማግስቱ ነው።

እዚያ ያሉት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በማግስቱም ይርባቸዋል። ደግሞስ ምግብ ብቻ መች ሆነና! አልጋ ላይ የዋለ አዛውንት ይታጠባል፣ ይገላበጣል፣ በቀን ስንቴ ይቀየርለታል። የአዋቂ ዳይፐር ዋጋ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የገባኝ እናቴን ሳስታምም ነው። ለአንዲት እናት እንኳ ወገቤ ጎብጦ ነበር። ሳሙና፣ በረኪና፣ አንሶላ፣ መድኃኒት… እነዚህ ፎቶ ላይ አያምሩም መሰል፣ የሚያስታውሳቸው ጥቂት ነው።

ፎቶ ካነሳሁ አይቀር፣ ልደቱን ከአረጋውያን ጋር የሚያከብር ሰው እባካችሁ ስልኩን ከፊታቸው ዘወር ያድርግ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ሲጎርስ መቀረጽ ማን ይወዳል?

ወላጅ አልባ ሕፃናትን በማሳደግ የሚታወቁት ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ለግሸን ማርያም ንግሥ ሄደው በድርቁ ወላጆቻቸውን ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ልጅ ደግሞ በዓል ጠብቆ አይበላም። እሳቸውም ዕድሜ ልካቸውን ገፉበት።

እኔ በበኩሌ ለዘንድሮ ፋሲካ የያዝኩትን ብር ለ12 ወር ከፋፍዬዋለሁ። ትንሽ ናት፤ ግን በየወሩ ሳሙና ትገዛለች። ጉልበት ያላችሁ ደግሞ እስቲ በአንዱ ተራ ማክሰኞ ብቅ በሉ። ልብስ የሚያጥብ ሰው ያኔ ነው የሚጠፋው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ