ስለ ካታሊናው፦ ከሆዱ ይጀምሩ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

በሪሞት ለሚበረው ሞዴልዎ ካታሊናን፣ ያንን ከውሃ የሚነሳና ውሃ ላይ የሚያርፍ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን፣ በመምረጥዎ ደስ ብሎኛል። ልኩን ስንት ላድርገው ላሉኝ፣ 1/12 ይሁን። በዚህ ልክ የእውነተኛው አውሮፕላን እያንዳንዱ ጫማ አንድ ኢንች ስለሚሆን ሥዕሉን ለማንበብ ሒሳብ አያስቸግርዎትም። የ104 ጫማው ክንፍ 104 ኢንች፣ ማለትም 2.64 ሜትር ይሆናል። የ12 ጫማው ፕሮፔለርም 12 ኢንች ነውና ገበያ ላይ በቀላሉ ይገኛል። የክንፉ ስፋት ወደ 90 ካሬ ዴሲሜትር ስለሚደርስ ጠቅላላ ክብደቱን ከ9 ኪሎ አያሳልፉት። ከዚያ በላይ ቢከብድም መብረሩ አይቀርም፤ ከውሃው መላቀቁ ነው የሚያስቸግረው።

ሰው ሁሉ ከክንፉ መጀመር ይወዳል፤ እርስዎ ግን ከሆዱ፣ ማለትም ውሃ ላይ ከሚቀመጠው ገላው፣ ይጀምሩ። ፍሬሞቹን፣ ማለትም ለሆዱ ቅርጽ የሚሰጡትን አጥንቶች፣ ከ3 ሚሊሜትር ቀላል ኮምፖንሳቶ ቆርጠው መሐላቸውን ያስወጡ፣ ከዚያ ባልሳ በሚባለው በጣም ቀላል እንጨት፣ በ3 ሚሊሜትሩ፣ ያልብሷቸው። ውሃ የሚነካውን ክፍል በካሬ ሜትር 50 ግራም በሚመዝን የፋይበር ግላስ ጨርቅ ሁለት ጊዜ በኢፖክሲ ሙጫ ይሸፍኑ። ላይኛው ክፍል ባለ 25 ግራሙ አንድ ጊዜ ይበቃዋል። የተረፈውን ኢፖክሲ በአሮጌ የባንክ ካርድ ጠርገው ያውጡት፤ የሚያጠነክረው ጨርቁ ነው፣ ትርፉ ሙጫ ክብደት ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚጠነቀቁለት ከሆዱ ሥር ያለው ዋናው እርከን፣ ማለትም የሆዱ ሥር እንደ ደረጃ በድንገት ከፍ የሚልበት ቦታ፣ ነው። ሞዴሉ ሲፈጥን ውሃው እርከኑ ላይ ተቆርጦ ይቀራል፣ ከኋላው አየር ይገባል፣ ሆዱም ከውሃው ይላቀቃል። የእርከኑ ጠርዝ ከዶለዶመ ውሃው ዞሮ ይለጠፍና ኋላውን ወደ ታች ይስበዋል፤ ያኔ ሞተሩ ቢያጓራም አይነሳም። የፋይበር ግላስ ጨርቅ ደግሞ በስል ማዕዘን ላይ አይታጠፍልዎትም። ስለዚህ ጨርቁን ጠርዙ ላይ ይቁረጡት፣ ከኋላ በኩል ፕላስተር ግድብ አድርገው ይለጥፉ፣ በኢፖክሲ ማወፈሪያ ዱቄት የወፈረ ኢፖክሲ ይሙሉበት፣ ሲደርቅ በቀጥ ያለ እንጨት ላይ በተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት ይሞርዱት። እንደ ወንበር እግር ለማሳመር ብለው እንዳያለዝቡት አደራ።

የሚዛን ነጥቡ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ተነስቶ እስከ ኋላ ጠርዙ ካለው ርቀት 27 በመቶ ላይ ይሁን። ከዚያ ነጥብ አንድ መስመር ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ ሌላው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ኋላ ዘምሞ ቢወርድ፣ እርከኑ ሁለተኛው መስመር በሚያርፍበት አካባቢ መሆን አለበት። ሚዛኑ ወደ ኋላ ካፈገፈገ ሞዴሉ ውሃ ላይ አፍንጫውን ከፍ ዝቅ እያደረገ መዝለል ይጀምራል፣ አንዴ ከጀመረ ደግሞ በመሪ ማረጋጋት ከባድ ነው። የካታሊና ጅራት ረጅም፣ አፍንጫዋ አጭር ነው። ጅራት ላይ የጨመሩትን እያንዳንዱን ግራም ለማመጣጠን አፍንጫው ሁለት ሦስት እጥፍ ይጠይቅዎታል፤ ጅራቱን በቀላል ባልሳ ይሥሩት፣ ባትሪዎቹም ፊት ይቀመጡ።

ኃይሉን በተመለከተ፣ ከውሃ ለሚነሳ በኪሎ 220 ዋት ያህል ያስቡ። ሁለት ሞተሮች እያንዳንዳቸው 1000 ዋት፣ ከ500 እስከ 600 ኬቪ (በአንድ ቮልት በደቂቃ የሚዞሩት ዙር)፣ በስድስት ሴል ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ። እያንዳንዱ 45 አምፔር ገደማ ስለሚስብ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ስፒድ ኮንትሮለር 70 አምፔር ይሁን። ሁለቱን የ5000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪዎች በፓራለል፣ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቭ፣ አገናኝተው ለሁለቱም ሞተር በጋራ ያብሉ። ለየብቻ ካደረጓቸው አንዱ ቀድሞ ሲያልቅ ሞዴሉ አየር ላይ ወደ አንድ ጎን ይዞራል። ስፒድ ኮንትሮለሮቹን ክንፉን በተሸከመው ፓይሎን ውስጥ አየር በሚያገኙበት ያስቀምጡና ወደ ሞተር የሚሄዱትን ሦስቱን ሽቦዎች ያስረዝሙ። የባትሪው ሽቦ ሲረዝም ግን ኮንትሮለሩን የሚያቃጥል የቮልቴጅ ግፊት ይፈጠራል።

የክንፍ ጫፍ ተንሳፋፊዎቹ እውነተኛው ላይ ይታጠፋሉ። እርስዎ ወርደው የቆሙ ያድርጓቸው፤ የሞዴል ሰዎች ቢያጉረመርሙም ክብደቱንና ራስ ምታቱን ይቆጥባሉ። ውሃ ላይ የሚዞሩት በሞተሮቹ የፍጥነት ልዩነት ስለሆነ ሪሞቱ ላይ ረደሩን (ጅራት ላይ ያለውን የግራ ቀኝ መሪ) ከሞተሮቹ ጋር ያቀላቅሉ። የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለውን ሪሲቨር ከፍ አድርገው ይስቀሉት፤ የሪሞቱ የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ውሃን አይሻገርም።

ላይኛውን ሳይዘጉ ሆዱን ሰፊ ገንዳ ውስጥ አስገብተው 9 ኪሎ አሸዋ ይጫኑበትና የውሃውን መስመር ምልክት ያድርጉ። ወደ ፕሮፔለሮቹ የሚረጨው ውሃ ከበዛ ከአፍንጫው እስከ እርከኑ በሆዱ የጎን ጠርዝ ቀጭን ዘንግ ይለጥፉ።

ሞተሮቹ ከፍ ብለው ስለተቀመጡ ነዳጅ እንደሚሰጥ ሰው ድንገት ከከፈቷቸው አፍንጫው ውሃ ውስጥ ይሰምጣል። በሦስት አራት ሰከንድ ቀስ ብለው ይክፈቱ፣ ኤሌቬተሩን (ጅራት ላይ ያለውን የላይ ታች መሪ) ወደ ላይ ይያዙ፣ እርከኑ ላይ ሲወጣ ያላሉት። መስተዋት የመሰለ ውሃ ከትንሽ ማዕበል ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋል።

ወገብዎን አስቤ ነው፣ ለ9 ኪሎው ባለ ሁለት ጎማ መንሸራተቻ ይሥሩለት፤ አጎንብሰው ተሸክመው ውሃ ውስጥ እንዳይገቡ። ክንፉም በሦስት ቁራጭ ይፈታ። ፍሬሞቹን ሲጨርሱ ባልሳ ሳያለብሷቸው በፊት ከጎን አንድ ፎቶ ይላኩልኝ፣ የእርከኑን ቦታ አብረን እንለካዋለን።

እጅዎን እስማለሁ።

ልጅዎ