ያቺ የጎደለችው ገጽ

ይድረስ ለወንድሜ፣

ሰላምታዬ እንደ ሰማይ ኮከብ፣ እንደ ምድር አሸዋ ይብዛልህ። ድሮ ደብዳቤ ስንጽፍ በዚህ አጀማመር እንስቅ ነበር። ዛሬ ግን ሌላ አጣሁ። ሰባት ዓመት ዝም ብሎ የከረመ ሰው ከየት ይጀምራል?

በቴሌግራም «አለህ ወይ?» ያልከኝን አይቼዋለሁ። በላክበት ቀን ነው ያየሁት። ማታ እመልስለታለሁ አልኩ። ማታው ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ዓመት ሆነ፣ ከዚያ በኋላ አፈርኩ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ አልዋሽህም። እትዬ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? በእኔ ስም ሳምልኝ።

የጻፍኩልህ ግን ለይቅርታ ብቻ አይደለም። ገጿን አገኘኋት!

የትኛዋን እንዳትለኝ። 8ኛ ክፍል ሳለን ከለገሃር አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ገንዘብ አዋጥተን የገዛናት፣ ሽፋን የሌላት የስፓይደርማን ሥዕላዊ መጽሔት ትዝ ትልሃለች አይደል? ሰውዬው ቤት የሚያህል ማሽን ተጭኖት ከሥሩ ተቀርቅሯል። ጣሪያው ውኃ ያፈሳል። የአክስቱ መድኃኒት ፊት ለፊቱ ወድቋል፣ እጁ ግን አይደርስበትም። ልባችን ተሰቅሎ ገጹን ስንገልጥ ሰውዬው ተነስቶ ቆሟል! መሃል ያለችው ቅጠል ተቀድዳ ሄዳለች። የት እንደገባች እግዜር ይወቅ፤ ምናልባት ለውዝ ተጠቅልሎባታል። አንተም አላስችልህ ብሎ ከሒሳብ ደብተርህ አንድ ወረቀት ገንጥለህ፣ የጎደለችውን ራስህ በቢክ ሳልካት። ወደሷ እመለሳለሁ።

እኔ አሁን የምሠራው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ሌሊት። ከአንድ ሕንፃ ሥር ሦስት ፎቅ ወደ ታች ትወርዳለህ። ከሰባት ሰዓት በኋላ ዝር የሚል መኪና ስለሌለ ከሰፈሬ ቤተ መጻሕፍት የተዋስኩትን አነባለሁ። ባለፈው ወር የድሮዎቹ ስፓይደርማኖች በአንድ ላይ የተጠረዙበት ወፍራም መጽሐፍ ወሰድኩ። ሳገላብጥ ማሽኑ መጣ። ውኃው መጣ። ልቤ ድው ድው ይላል፣ በዚህ ዕድሜዬ! ገለጥኩት።

ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምነግርህ። ቁጥር 33 ናት፣ የየካቲት 1966። የሳላት ስቲቭ ዲትኮ ነው። ከዚያች ገጽ በፊት በትንንሽ ሳጥኖች ያፍንሃል። ሰውዬው ይሞክራል፣ አይሆንም። ሞቶ የቀረው አጎቱና የታመመችው አክስቱ ፊታቸው ይመጣበታል። እንደገና ይሞክራል፣ ብረቱ ትንሽ ነቅነቅ ይላል። እኔም እዚያ መስታወት ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ አብሬው አምጣለሁ። ከዚያ ሳጥን የለም። ገጹ ሙሉ አንድ ሥዕል ነው። ብረቱ ሽቅብ ሄዷል፣ ውኃው ከላይ ይወርዳል፣ እሱ መሃል ላይ ነው።

አስተውል፣ ፊቱ አይታይም። ጭንብል ነው። አፉን አታይ፣ ዓይኑን አታይ። ሌላ ሠዓሊ ጥርስ ያስነክስ ነበር። ዲትኮ ግን ጭንቁን ሁሉ በትከሻና በጣት ነው የነገረን። አንተ ያን ጊዜ «የዚህ ሰውዬ እጆች ይናገራሉ» ስትል እኔ እጆቹ አስቀያሚ ናቸው ብዬ እሟገትህ ነበር። ሁለቱን የመሃል ጣቶች ወደ መዳፍ አጥፈን ግቢ ውስጥ ድር የምንተፋበት አኳኋን እንኳ የእሱ ፈጠራ ነው።

ስለ ሰውዬው ማንበብ ጀመርኩ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ጆንስታውን የምትባል የብረት ከተማ ነው የተወለደው፣ በ1927። አባቱ በብረት ፋብሪካ አናጢ ነበር። ስፓይደርማን በ1962 ሲጀመር ድርሰቱ የስታን ሊ፣ ሥዕሉ የዲትኮ ነው። የመጀመሪያውን ሽፋን ግን ጃክ ከርቢ ነው የሳለው፤ የዲትኮን አልፈለጉትም። ዲትኮ ዝና አይወድም ነበር። ቃለ መጠይቅ እንቢ፣ ፎቶም እንቢ። ኒው ዮርክ ውስጥ ስቱዲዮውን ዘግቶ ሲሠራ ኖሮ በ2018 በ90 ዓመቱ አረፈ።

ያስገረመኝ ሌላ ነው። ያቺ ገጽ ስትሳል እሱና ስታን ሊ አይነጋገሩም ነበር! ዲትኮ ታሪኩን ራሱ ያቀናብራል፣ ይስላል፣ ገጾቹን ለቢሮው ሰው አስረክቦ ይወጣል። ሊ በኋላ ንግግሩን ይጽፍበታል። እንዲህ ተኳርፈው ብዙ ቁጥር ሠሩ። ከቁጥር 38 በኋላ ዲትኮ ጥሎ ሄደ። እነሱስ ተኳርፈው ይህን ሠሩ። እኔ ሰባት ዓመት ዝም ብዬ ምን ሠራሁ? መኪና አቆምኩ።

አሁን ወደ ድሮው ክርክራችን። በሠዓሊው በማክፋርሌን ጉዳይ እጄን ሰጥቻለሁ። የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ያመጣልኝን አስታወስክ? ዓይኑ ጭንብሉን ሊሞላ የደረሰ፣ እግሩ ከጆሮው በላይ የተጠማዘዘ ስፓይደርማን። እኔ ከዚህ በላይ ሠዓሊ የለም አልኩ። አንተ ድሩን አይተህ «ይሄ ሰውዬ ፓስታ ነው እንዴ የሚተፋው?» አልክ። ሳምንት አኮረፍኩህ። ይኸውልህ፣ ፈረንጆቹም ራሳቸው «የስፓጌቲ ድር» ነው የሚሉት! ከእሱ በፊት ድሩ እንደ መረብ በመስቀለኛ መስመር ይሠራ ነበር፤ ቶድ ማክፋርሌን በ1988 መጥቶ ገመድ አስመሰለው። በ1990 ለብቻው የጀመረው መጽሔት 1ኛ ቁጥሩ ከ2 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። አሁንም ሳየው ደስ ይለኛል። ግን ሰውዬው ሁልጊዜ ፎቶ የሚነሳ ነው የሚመስለኝ። የዲትኮው ማንም አያየውም።

ጆን ሮሚታ ሌላ ነገር ነው። ዲትኮን የተካው እሱ ነው፣ ከቁጥር 39 ጀምሮ። ከዚያ በፊት የፍቅር ታሪኮች ነበር የሚስለው። ዲትኮ ይመለሳል ብሎ ስላሰበ መጀመሪያ ላይ የእሱን እጅ ለማስመሰል ይጥር ነበር አሉ። የሰው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ማለት ነው። በኋላ ግን እጁ ወደ ራሱ ተመለሰና ፒተር ፓርከር፣ ማለት ጭንብሉን ያወለቀው ስፓይደርማን፣ ከሚገባው በላይ አማረ። ፊቷ ለብዙ ቁጥር ሲደበቅብን የነበረችው ሜሪ ጄን በቁጥር 42 በሩ ላይ ስትቆም፣ እውነቴን ነው፣ እኔም እንደ ፒተር ፈዝዤ ቀረሁ። ሮሚታም አረፈ፣ በ2023።

ጊል ኬንን አትወደውም፣ አውቃለሁ። ሰዉን ሁሉ ከሥር ወደ ላይ ስለሚያየው የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ነው የምታየው ትል ነበር። እሱም እውነት ነው። ግን በ1973 የፒተር ፍቅረኛ ግዌን ከድልድዩ ስትወረወር የሳለው እሱ ነው። ድሩ እግሯን ይይዛታል፣ አንገቷ አጠገብ አንዲት ትንሽዬ «ቀጭ» ተጽፋለች። እሷን ካየሁ በኋላ አፍንጫውን ይቅር ብዬዋለሁ። ከአዳዲሶቹ ሳራ ፒኬሊ የምትባል ጣሊያናዊት አለች፣ በ2011 አዲሱን ልጅ ስፓይደርማን፣ ማይልስ ሞራሌስን፣ የሳለችው። ፈልገህ እያት። የልጁ ቅጥነት በትክክል የእኛ የ8ኛ ክፍል ቅጥነት ነው።

አንድ ሌላ ወሬ። በ2008 አንድ ሰው ስሙን ሳይናገር የመጀመሪያውን ስፓይደርማን የያዘችውን የዚያችን የ1962 መጽሔት ዋና ሥዕሎች፣ 24 ገጽ፣ ዲትኮ በእጁ የነካቸውን ወረቀቶች፣ እዚህ ዋሽንግተን ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። መሸጥ ሲችል እኮ ነው! ወረቀቶቹ መጽሔት ላይ ከምታውቃቸው በጣም ይተልቃሉ፤ ያን ጊዜ ትልቅ አድርገው ስለው ሲታተም ነበር የሚያሳንሱት። ከቤቴ በሜትሮ ሩቅ አይደለም። የአንባቢ ካርድ አውጥቻለሁ። ካርዱ ኪሴ ውስጥ ነው፣ እስካሁን ግን አልሄድኩም። ለብቻዬ ካየሁት አንተን የከዳሁህ እየመሰለኝ።

አሁን ወደ አንተ ሥዕል። አልጠፋችም። ስወጣ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ከትቻት ነው የመጣሁት። ስትጠይቀኝ «እንጃ» ያልኩህ ውሸቴን ነው። ያን ሌሊት ቤት እንደገባሁ አውጥቼ ከዲትኮዋ አጠገብ አስቀመጥኳት። በአንተዋም ብረቱ ተነስቷል፣ ውኃውም አለ። ግን ሰውዬው ብቻውን አይደለም። በግራም በቀኝም ሰው አለ። ጋቢ የለበሰ አለ፣ ባርኔጣ ያደረገ አለ፣ አንዷ ሴትዮ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። የጭነት መኪና ቦይ ውስጥ ሲገባ ሰፈሩ ወጥቶ እንደሚገፋው ብረቱን አብረው ይዘውታል። እኔ ስቄብህ «ጀግና ብቻውን ነው የሚያነሳው» ስልህ «ይሄን የሚያህል ብረት? ሰው ሳይጠራ?» አልከኝ።

የሁለቱንም ቅጂ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። ዋናዋ እኔ ጋ ትቆይ፣ አልሰጥህም።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ያን ጊዜ አላየሁትም፣ አሁን በአጉሊ መነጽር ነው ያገኘሁት። ከሰዎቹ ኋላ፣ ጥግ ላይ፣ መነጽር ያደረገ አንድ ቀጭን ልጅ ቆሟል። በሰፈሩ ልጅ መነጽር የነበረኝ እኔ ብቻ ነኝ። ሁሉም ብረቱን ይዟል። እኔን ለምንድነው እጄን ኪሴ ከትቼ የሳልከኝ?

ወንድምህ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ