ከምንጩ በላይ ላለው ተዳፋት የድጋፍ ጥሪ

ምንጭ ሲቀንስ ቶሎ የሚታሰበው ጠለቅ አድርጎ መቆፈር ወይም ፓምፕ መግጠም ነው። ድጋፍ የምንጠይቀው ግን ከበላዩ ላለው ተዳፋት ነው። በአንድ ሄክታር ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጣለ ማለት 200 ሺህ ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። ሣርና ቅጠል በለበሰ መሬት አብዛኛው ይሰርጋል፤ በተራቆተው ላይ አፈሩን ጠርጎ ቦረቦር ይገባል። ምንጩን የሚመግበው የሰረገው ነው።

ሥራው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታች ከተጀመረ የላዩ ጎርፍ የመጀመሪያውን ክትር፣ ማለትም ቦረቦሩን አቋርጦ ጎርፉን የሚያበርደውን የድንጋይ ግንብ፣ ይዞት ይሄዳል። የእርከን መስመር ውሃ ልኩን ጠብቆ የሚቀየሰው የ"A" ቅርጽ ባለው መለኪያ፣ በኤ ፍሬም ነው፦ ሁለት እኩል እንጨት፣ አንድ አግዳሚ፣ ገመድና ድንጋይ ይበቃሉ። መስመሩ ካዘነበለ ውሃው ወደ ዝቅተኛው ጫፍ ተጠራቅሞ ይጥሰዋል፤ ሌላ ቦረቦር በገዛ እጃችን ከፈትን ማለት ነው።

ክትር ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው ውሃው በጎኑ ዞሮ ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ ጫፎቹ ከቦረቦሩ ግድግዳ ውስጥ ይቀበራሉ፣ መሃሉ ዝቅ ይላል፣ ውሃው በሚወድቅበት ሥር ድንጋይ ይነጠፋል። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው እግር ጋር እኩል ይሆናል። ጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን፣ ጎርፉ ለሚበረታበት ቦታ ብቻ ነው፤ ለሌላው ልቅ ድንጋይ በቂ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው መሬቱን ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ማድረግ ነው። 250 ኪሎ የሚመዝን ከብት በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል። አሥር ከብት ለ90 ቀን ከግጦሽ ከታገደ 5,400 ኪሎ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። መኖ ሳያዘጋጁ መከለል አጥሩን በሌሊት ማስፈረስ ነው፤ ባለከብቱንም መውቀስ አይቻልም። ለመጠባበቂያ ከሚቀመጠው ሲሶ በቀር በገንዘብ የሚሰጠው አስቀድሞ ለድርቆሽ የሚውለውም ለዚህ ነው። ሣሩ ሲያገግም ታጭዶ ይወሰዳል እንጂ አይጋጥም።

በዓይነት ዶማ፣ አካፋ፣ የእጅ ጋሪ፣ የጋቢዮን ሽቦና አፈር የሚይዘውን የቬቲቨር ሣር ግንጣይ እንቀበላለን፤ ግንጣዩ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ተራርቆ ይተከላል። ችግኝ የምትሰጡ የአካባቢውን ዝርያ ምረጡ። ባህር ዛፍ ውሃ ስለሚመጥጥ ከምንጩ በላይ አንተክልም። ሥሩ በፕላስቲኩ ግርጌ የተጠማዘዘ ችግኝም አንወስድም፤ ቢጸድቅ እንኳ ከዓመታት በኋላ ንፋስ ይጥለዋል። ጉልበት የምትሰጡ ከዝናቡ በፊት ለጉድጓድ ቁፋሮ ኑ፤ ተከላው አፈሩ በደንብ ከራሰ በኋላ ነው።

ከሚሰበሰበው ገንዘብ ሲሶው አይነካም፤ የመጀመሪያው የዝናብ ወቅት ሲያልፍ ለሚፈርሱት ክትሮችና ለሚደርቁት ችግኞች መተኪያ ይቆያል።