መልስ የሚጠብቅ ጽሑፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

እኔ በልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ጃንጥላ ዘርግቼ ለባለጉዳዮች ማመልከቻና ክስ የምጽፍ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ላለፉት ሃያ ስድስት ዓመታት አንዴ ከሳሽ፣ አንዴ ተከሳሽ፣ አንዴ ይግባኝ ባይ እየሆንሁ የጻፍሁት ሁሉ የሰው ጉዳይ ነው፤ በራሴ ስም የጻፍሁት ቢኖር ይህ የዛሬው ነው። ጥያቄዬም በየሁለት ሳምንቱ አንድ አጭር አስተያየት ልልክልዎት፣ እርስዎም ከአንባቢዎች የሚመጣውን መልስ፣ በተለይም እኔን የሚቃወመውን፣ በዚያው ገጽ እንዲያወጡልኝ ነው።

መልሱን አጥብቄ መጠየቄ ከሙያዬ የመጣ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የተከሰሰ ሰው የመከላከያ መልሱን በጽሑፍ የሚያቀርብበት ዕድል ይሰጠዋል። በበላ ልበልሃ ሙግት ዘመንማ ነገሩ ከወረቀትም የሞቀ ነበር፤ ባለጉዳዮች መንገድ ላይ ያገኙትን አላፊ አግዳሚ በዳኝነት አስቀምጠው፣ ማር ወይም በቅሎ እየተወራረዱ ይሟገቱ ነበር፤ ያ መንገደኛም የራሱን ጉዞ አቋርጦ የሰው ነገር ይሰማ ነበር። በታኅሣሥ 1917 ዓ.ም. መታተም የጀመረው ብርሃንና ሰላም ጋዜጣም ስለ ትምህርትና ስለ ሥልጣኔ የሚከራከሩ ሰዎች ሐሳብ የወጣበት ነበር። ዛሬ የማነባቸው የአስተያየት ገጾች ግን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ብዙዎቹ ከሳሽ ብቻ ቀርቦባቸው የተዘጉ መዝገቦች ይመስሉኛል።

የመጀመሪያ ጉዳዬን ከአሁኑ ላስታውቅ። ባለፈው ጥቅምት አንዲት እናት፣ የሟች ባለቤታቸው ስም በአንድ ሰነድ ላይ በአንድ ፊደል ተሳስቶ፣ እንዲታረምላቸው ከጠየቁበት መሥሪያ ቤት «በጽሑፍ ያምጡ» ተብለው ወደ እኔ መጡ። ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ነገሩኝ። እኔም እንደ ልማዴ «ጉዳዩ» ብዬ ጀምሬ፣ «ከላይ በተጠቀሰው መሠረት» እያልሁ አንድ ገጽ ሞላሁና አነበብሁላቸው። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «ልጄ፣ እኔ ያልኩት እኮ ይሄን አይደለም፤ የሰውዬው ስም ገብረ ነው፣ ገብሩ አይደለም ነው ያልኩህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ገንዘባቸውን ግን ተቀብያለሁ፤ አልደብቅም።

ስለዚህ አቋሜ የሚከተለው ነው፤ እንዲህ ላለው ትንሽ ጉዳይ ባለጉዳዩ በአፉ ተናግሮ፣ የመስኮቱ ሠራተኛ ቃሉን በቅጽ ላይ መዝግቦ፣ አንብቦለት ቢያስፈርመው ይበቃል እንጂ፣ ማመልከቻ ለማስጻፍ ፀሐይ ላይ መሰለፍ የለበትም። ይህ የራሴን እንጀራ የሚነካ ሐሳብ መሆኑ አልጠፋኝም፤ ጎኔ የሚቀመጡት የሙያ ጓደኞቼም ትናንት ስነግራቸው ፊታቸውን አዙረውብኛል። እነርሱ እንደሚሉት፣ በአፍ የተነገረ ነገር ነገ ይካዳል፣ ማኅተም ያረፈበት ማመልከቻ ግን ግልባጩ በባለጉዳዩ እጅ ስለሚቀር፣ ሠራተኛው «አልመጣህም» ሊለው አይችልም። ይህ ጠንካራ መከራከሪያ ነው፤ እኔም ሙሉ መልስ የለኝም።

ለዚህም ነው የሚያውቁ ሰዎች እንዲገቡበት የምጋብዘው። በሬጅስትራር መስኮት የተቀመጣችሁ፣ በየወረዳው መዝገብ ቤት የምትሠሩ፣ «ነገ ተመለስ» ተብላችሁ ጫማችሁን የጨረሳችሁ ባለጉዳዮች፣ የእኔው የሙያ ጓደኞችም ጭምር ጻፉ። ከአንድ ገጽ ባይበልጥ፣ ከወሬም ይልቅ ዓይናችሁ ያየውን ብታስቀድሙ እመርጣለሁ። የፊደል ስሕተት ማንንም አያስፍር፤ አዘጋጁ ያርመዋል። መጻፍ የማይችል ካለ ልደታ ይምጣ፤ የሚቃወመኝ ቢሆን እንኳ ያለውን እንዳለው ያለ ክፍያ እጽፍለታለሁ።

ሙሉ ስሜንና አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ አያይዤአለሁ። ለዚህ ለመጀመሪያው አንድም መልስ ካልመጣ፣ ክቡር አዘጋጅ፣ ሁለተኛውን አልልክም።

ከአክብሮት ጋር
ራፖር ጸሐፊው፣ ከልደታ