የኤሌክትሪክ ስርቆት ቅጣት የቆጣሪ ባለስም በመሆን ብቻ እንዳይወሰን፤ ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

ቆጣሪ እያዛቡ ወይም ከቆጣሪው በፊት ሽቦ እየቀጠሉ የሚወስዱት ኤሌክትሪክ የሌላ ሰው ንብረት ስለመሆኑ ሕጋችን ብዥታ የለበትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1129፣ ሰው በቁጥጥሩ ሥር አድርጎ ለጥቅሙ ያዋላቸውንና ዋጋ ያላቸውን የተፈጥሮ ኃይሎች እንደ ተንቀሳቃሽ ንብረት ይቆጥራቸዋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 ደግሞ ሌባን እንደ ነገሩ ሁኔታ በቀላል እስራት ወይም ከ5 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ቅጣቱ አነሰ ወይም በዛ ለማለት አልጻፍኩም። የጻፍኩት በማን ላይ እንደሚያርፍ ስለሚያሳስበኝ ነው።

በአራዳና በልደታ ያረጁ የቀበሌ ቤቶች፣ አንድ ቆጣሪ ለብዙ አባወራ የሚያገለግልበት ግቢ ብርቅ አይደለም። ቆጣሪው ዛሬም በሟች አባት ስም ሊሆን ይችላል፤ ሒሳቡን በየወሩ ከጎረቤት ሰብስበው የሚከፍሉት ግን ባልቴቷ እናት ናቸው። በዚያው ግቢ ሱቅ የተከራየ ሰው በሌሊት ባለሙያ አምጥቶ ከቆጣሪው በፊት ሽቦ ቢያስቀጥልና የቆጣሪው ማሸጊያ ተሰብሮ ቢገኝ፣ ለጥያቄ የሚጠሩት እኚሁ እናት ናቸው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 57 ጥፋቱ ያልተረጋገጠበት ሰው እንዳይቀጣ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ደግሞ ተከሳሽ ጥፋተኛ ሆኖ እንዳይቆጠር ይደነግጋሉ። እንጀራ ጋግራ ለምታድር ሴት ግን መብራት መቆረጡ ራሱ ቅጣት ነው፤ የሚደርስባትም ማንም ዳኛ ከመስማቱ በፊት ነው።

የታሪፉም አሠራር በዚህ ላይ ይጨምራል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ እያደረገ ስለሚሄድ፣ በየቤታቸው ጥቂት የሚጠቀሙ ቤተሰቦች በአንድ ቆጣሪ ሲደመሩ እንደ ትልቅ ተጠቃሚ ይከፍላሉ። ይህ ስርቆትን አያጸድቅም፤ ሆኖም ሕግ አክባሪውን ሰው ለፈተና የሚያጋልጥ አሠራር ሳይታረም ቅጣቱን ብቻ ማጥበቅ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ሥራውን በእጁ የሚሠራው ባለሙያስ? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 36 እና 37 አነሳሽንና አባሪን ይጠይቃሉ። ክሱ በተጠቃሚው ላይ ብቻ ካበቃ፣ ሽቦውን የቀጠለው ሰው ነገ ወደሚቀጥለው ግቢ ይሄዳል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ሊስብ እንደሚችል እናውቃለን፤ ይህን የሚሸከም ያልታቀደ ቅጥያ በጭቃና በእንጨት በተሠሩ፣ ግድግዳ በሚጋሩ ቤቶች መካከል ሲዘረጋ የእሳት አደጋው ለመላው ሰፈር ነው።

ስለዚህ መሥሪያ ቤትዎ አገልግሎት ሰጪውን የሚያስገድድ ግልጽ መመሪያ እንዲያወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ተዛብቷል የተባለ ቆጣሪ ደንበኛውና ገለልተኛ ምስክር ባሉበት ታሽጎ ይነሳ፤ ሻጩ ራሱ መርማሪና ፈራጅ እንዳይሆን ምርመራውን ሌላ አካል ያድርገው። ያለፈው ፍጆታ ግምትም ስሌቱ ተዘርዝሮ በጽሑፍ ይሰጥ፤ ደንበኛው አቤቱታ አቅርቦ ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ፣ አደገኛው ቅጥያ ወዲያው ተነሥቶ፣ የቤቱ መብራት እንዳይቆረጥ ይደረግ። በየትራንስፎርመሩ ቆጣሪ ተተክሎ የወጣው ኃይል ከደንበኞች ንባብ ድምር ጋር ቢነጻጸር፣ ስርቆቱ ያለበትን መስመር በጥርጣሬ ሳይሆን በልኬት መለየት ይቻላል። ከሁሉ በፊት ግን የቀበሌ ቤት ተከራዮች በኪራይ ውላቸው ብቻ የየራሳቸውን ቆጣሪ የሚያገኙበት መንገድ ይከፈት።

ከአክብሮት ጋር፣
የአራዳ ክፍለ ከተማ ነዋሪ