«ከዚያ ይሻላል» አትበይ፤ ደብዳቤ ለልጄ

ልጄ፣

አክስትሽ ትናንት ማታ ደውላልኝ ነበር። ክፍልሽ ውስጥ የካናቢስ፣ እናንተ ዊድ የምትሉት፣ ጭስ እንደሸተታት ነገረችኝ። መስኮቱ ደፍ ላይ ስላገኘችው ቁራጭም ነገረችኝ። ስትጠይቅሽ አልካድሽም አሉ፤ በዚህስ ደስ ብሎኛል። ያስደነገጠኝ መልስሽ ነው። «ቅጠል እኮ ነው፣ ከሲጋራ ይሻላል» አልሻት።

ሌሊቱን ስገላበጥ ያደርኩት በዚህ መልስሽ ነው። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለን እናወራለን። ይሄን ግን ዛሬውኑ ተይልኝ። «ከዚያ ይሻላል» አትበይ።

አክስትሽ ደጋግማ ያለችኝ «ሴት ልጅ ሆና!» ነው። እኔ የተናደድኩት በዚህ እንዳይመስልሽ። ቤታችን ወንዶቹ ሳሎን ተቀምጠው ሲያጨሱ መተርኮሻ ይቀርብላቸው ነበር። ከዘመዶቻችን አንዷ በመስኮት ስታጨስ ታየች ተብሎ ግን ዓመት ሙሉ ተወራባት። ሳንባ ሴት ወንድ አይለይም። ሐሜቱ ያተረፈልን ነገር ቢኖር ሴቶቹ ተደብቀው እንዲያጨሱ፣ ሲያማቸውም ተደብቀው እንዲያስሉ ማድረጉ ነው። ስለዚህ ከእኔ አትደበቂ። ተቆጥቻለሁ፣ በጣም። የተቆጣሁት ግን ስማችንን አጠፋሽ ብዬ አይደለም።

ወንድሜን ጋሼን ታስታውሺዋለሽ፣ ነፍሱን ይማረውና። አንቺ የደረስሽበት የመጨረሻው ጋሼ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ ከንፈሩን አሞጥሙጦ ቀስ እያለ የሚተነፍሰው። አንዱን ካልሲ ካጠለቀ በኋላ ሁለተኛውን ለማጥለቅ የሚያርፈው። እኔ የማውቀው ጋሼ ሌላ ሰው ነበር። ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ይወጣ ነበር። ፉጨቱ ከውጭ ሲሰማ አያትሽ በር ልትከፍት ትነሳለች።

ጋሼ መጠጥ አይቀምስም ነበር። የጎረቤታችንን ታሪክ ነግሬሻለሁ፤ ሰውየው ሰክሮ በመጣ ቁጥር ሚስቱና ልጆቹ እኛ ቤት ነበር የሚያድሩት። ጋሼ ያንን እያየ ነው ያደገው። ሲጋራ የጀመረ ጊዜ አያትሽ ስታለቅስ «ከመጠጥ ይሻላል እማዬ። ሲጋራ አጭሶ ሚስቱን የደበደበ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አላት። መልስ አጣችለት። እውነቱን ነዋ። ማንንም አልደበደበም። በሥርዓት ነው ያጨሰው፣ በረንዳ ላይ፣ ልጅ በሌለበት።

ከዚያ በኋላ የሚያወዳድረው ነገር አጥቶ አያውቅም። በቀን ሁለት ፓኬት ከሚጨርሰው የሥራ ባልደረባው አንድ ፓኬት የሚያጨሰው እሱ ይሻላል። ከመኝታ ተነስቶ ከሚያጨሰው፣ ቁርስ በልቶ የሚያጨሰው እሱ ይሻላል። ሳሉ ሲጀምረው ደግሞ ወደ «ላይት» ዞረ። ይሄኛው ቀለል ያለ ነው፣ ከድሮው ይሻላል አለን። እኛም ደስ አለን።

ያን ላይት ሲጋራ በቅርብ አይቼዋለሁ። ፊልተሩን የሚሸፍነው ወረቀት ላይ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ብርሃን ላይ ከያዝሽው ይታያሉ። ማሽን ሲለካው በነሱ በኩል አየር ይገባና ጭሱን ያሳሳዋል፤ ቁጥሩም ትንሽ ሆኖ ይወጣል። ሰው ሲይዘው ግን ጣቱና ከንፈሩ ቀዳዳዎቹን ይደፍኗቸዋል። ኒኮቲን ያነሰው ሰውነትም ጠለቅ አድርገህ ሳብ ይለዋል። ጋሼ ልክ ቀዳዳዎቹ ላይ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ፣ ጉንጩ እስኪሰረጉድ ይስብ ነበር። ሳንባው ያለቀው ቀላሉን እያጨሰ ነው።

ያቆመው ከሃምሳ ካለፈ በኋላ ነው። ማቆሙ ከንቱ አልነበረም፤ ይሄን ማንም እንዳይነግርሽ። የእንግሊዝ ሐኪሞችን እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ለሃምሳ ዓመት የተከታተለ ጥናት አለ። ዕድሜ ልካቸውን ያጨሱት ካላጨሱት በአማካይ 10 ዓመት ቀድመው ሞተዋል። በ50 ዓመታቸው ያቆሙት ከዚያ ውስጥ 6 ዓመት ገደማ አስመልሰዋል። በ30 ያቆሙት ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉንም። ጋሼም ያቺን ጥቂት ዓመት አግኝቷል፤ አንቺን ያወቀው በዚያች ዓመት ነው። የተበላሸው ሳንባ ግን አልተመለሰለትም። ፉጨቱም አልተመለሰም።

ልጄ፣ አንቺ ገና ሠላሳ አልደረስሽም። «ከዚያ ይሻላል» አትበይ።

ትምባሆም ቅጠል ነው። ቅጠል መሆኑ ጋሼን አላዳነውም። የተቃጠለ ቅጠል ሁሉ ታርና ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው፤ የካናቢስም ጭስ እንደዚያው ነው። ደግሞ አክስትሽ እንደነገረችኝ የምትጠቀልይው ከትምባሆ ጋር ቀላቅለሽ ነው። እንግዲያማ ከሲጋራ ይሻላል ያልሽው ነገር ውስጥ ሲጋራው ራሱ አለ። ኒኮቲን በተሳበ በ10፣ በ20 ሰከንድ ውስጥ አእምሮ ይደርሳል። ሰው ዊዱን እተዋለሁ ብሎ ሲነሳ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ያ የተቀላቀለው ትምባሆ ነው።

ክርክርሽን አውቀዋለሁ። መድኃኒት ነው ትይኛለሽ። ልክ ነሽ፤ ከተክሉ የሚወጣው ካናቢዲዮል አንዳንድ ብርቱ የልጆች የሚጥል በሽታን ለማከም ይሰጣል። ግን ተጣርቶ፣ ተመዝኖ፣ ሐኪም እየተከታተለው ነው። አንቺ በጓደኛሽ እጅ የመጣልሽን ነው የምትስቢው፤ ጥንካሬው ምን ያህል እንደሆነ አንቺም እሷም አታውቁም።

ኡራጓይ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ካናዳም በ2018 ፈቅደውታል ትይኛለሽ። ይሄም ልክ ነው። ሲጋራም እኮ የተፈቀደ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል፤ ከነሱ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡት ራሳቸው አያጨሱም፣ የሌላ ሰው ጭስ ነው የገደላቸው። የድርጅቱ የካንሰር ምርምር ተቋምም መጠጥን እ.ኤ.አ. በ1988 ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ጋር መድቦታል። እኛ ግን ድግስ ላይ ብርጭቆ እያጋጨን ዕድሜ እንመራረቃለን። ሰው የሚያፍርበትና ሰውነት የሚታመምበት ነገር ለየቅል ነው። ለዚህ ነው አጫሹ ጠጪውን፣ ጠጪው ዊድ የሚያጨሰውን፣ እሱም ተመልሶ አጫሹን እያየ ሁሉም የሚጽናናው። አንቺ እዚያ ሰልፍ ውስጥ እንድትገቢ አልፈልግም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝን አቆይቼው ነው። የአባቴን እህት ነገር ታውቂያለሽ። ጮክ ተብሎ አይወራም እንጂ ሁላችንም እናውቃለን። በአንቺ ዕድሜ ነው ድምፅ መስማት የጀመረችው። እሷ ምንም አላጨሰችም፤ ሕመሙ እንዲሁ ነው የመጣባት። ካናቢስ ውስጥ ያለው የሚያሰክረው ንጥረ ነገር፣ ቲ ኤች ሲ የሚሉት፣ ግን ይሄን ዓይነት ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል። በወጣትነት ለጀመረ፣ ጠንካራውን ለሚያጨስ፣ አዘውትሮ ለሚያጨስ አደጋው ይበልጣል። በቤተሰቡ ሕመሙ ላለበት ሰው ደግሞ ይብሳል። የሰው አእምሮ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና እየበሰለ ነው። ጓደኛሽ አጭሳ ምንም ላትሆን ትችላለች። አንቺ ግን የዚህ ቤት ልጅ ነሽ። እሷን አይተሽ «ከእሷ እኔ እሻላለሁ፣ በሳምንት አንዴ ነው» አትበይ። ሰው የሚከታተልሽ ከመሰለሽ፣ ሌላው ያልሰማው ነገር ከተሰማሽ፣ የፈለገው ሰዓት ይሁን ደውይልኝ። አልጮህብሽም። እመጣለሁ።

እንቅልፍ እንዲወስደኝ ነው ብለሻታል። የኔ እናት፣ አባትሽ ካረፈ ወዲህ እንደማትተኚ ሳላውቅ ቀርቼ ነው? ክፍልሽን ሲያልፍ በሩን በጣቱ መታ መታ ያደርግ የነበረው ነገር ለኔም ይሰማኛል። እኔም አልተኛም። ግን ይሄንን እወቂ፤ ዊድ ስታቆሚ እንቅልፍሽ መጀመሪያ ይብስበታል። ቅዠት ይበዛል፣ ላብ ያጠምቅሻል፣ በትንሹም በትልቁም ትቆጫለሽ። አብዛኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀላል፤ እንቅልፉ ግን ከዚያም ሊቆይ ይችላል። ያን ጊዜ «ይኸው፣ ያለሱ አልችልም» እንዳትይ። እያለፈልሽ ነው።

ለትምባሆው ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይከብዳሉ። ሀራራው ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ያልፋል፤ ተነሺ፣ ውጪ፣ ውሃ ጠጪ። ቡናሽን በግማሽ ቀንሺው። ቀልዴን አይደለም። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ማጨስ ስታቆሚ ያው የለመድሽው ቡና ሰውነትሽ ውስጥ ይቆያል። ልብሽ ይመታል፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ አንቺ ሱሴ ነው ብለሽ ትመለሺያለሽ። ካልቻልሽ የኒኮቲን ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፍ አለ፣ ፋርማሲ ጠይቂ። ወደ ቬፕ፣ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራው፣ ግን አትዙሪ። ከሲጋራ ይሻላል የሚሉሽ ይኖራሉ፤ እሱን አሁን ተነጋግረናል።

ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ አትዋሺ። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ከማዘዙ በፊት ታጨሻለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅሽ ሊያሳፍርሽ አይደለም፤ አንዳንዱ እንክብል ከሲጋራ ጋር ሲገናኝ ደም ሊያረጋ ይችላል። ኦፕራሲዮን ካለብሽም ማደንዘዣ የሚሰጠው ሰው ስለ ካናቢሱ ማወቅ አለበት።

እዚያ ቤት ሕፃን እንዳለም አትርሺ። አክስትሽን ያስጮሃት አንድም ይሄ ነው። መስኮት መክፈት አይበቃም፤ ጭሱ መጋረጃና ልብስ ላይ ይቀራል። አጭሰሽ ከሆነ ልብስ ሳትቀይሪ፣ እጅሽንና ፊትሽን ሳትታጠቢ እንዳታቅፊው። መጋረጃውንም ዛሬ አውርደሽ እጠቢው፣ እሷ ሳትጠይቅሽ። ዊድ ያጨሰ ሰው የሚነዳው መኪና ውስጥም እንዳትገቢ፤ «ከሰከረ ሰው ይሻላል» ቢሉሽም።

የምልክልሽን ገንዘብ አልቆርጥም። አክስትሽ ቁረጪባት ብላኛለች፤ አልሰማኋትም። ለምን እንዳዋልሽው ግን እጠይቅሻለሁ፤ እውነቱን ትነግሪኛለሽ።

እሑድ ጠዋት እደውላለሁ፣ ስልኩን አንሺው። ከዚያ በፊት አክስትሽን ይቅርታ ጠይቂያት። የሐኪም ቀጠሮም ያዢ፤ ስለ እንቅልፉም ስለ አባቴ እህትም ንገሪው። ቀኑን ላኪልኝ፤ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ አብሬሽ እገባለሁ። ውጪ ጠብቂኝ ካልሽኝም ውጪ እጠብቃለሁ።

እናትሽ