የቅሬታ ደብዳቤ፦ «ሴቭ» የሚለውን በተን የት አደረሳችሁት?

ቀን፦ ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ለስዊች ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሩ አቅራቢ ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ አዲሱ ቨርዥን ስላደረሰብን ጉዳት ቅሬታ ስለማቅረብ

ጤና ይስጥልኝ።

ጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል የኔትወርክ ቴክኒሻን ነኝ። የሆቴሉን መሣሪያዎች በኬብል እርስ በርስ የሚያገናኘውን ስዊች በእናንተ ሶፍትዌር ሳስተዳድር አራት ዓመት አልፎኛል። እስካለፈው ሰኞ ድረስ አንድም ቀን አማርሬበት አላውቅም። ይህን ደብዳቤ ትናንት ልጽፈው ነበር። ንዴቴ በረድ ይበል ብዬ አሳደርኩት። ዛሬ ገብርኤል ነው፤ ሰው ነጠላውን ለብሶ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እኔ ሰርቨር ክፍል ቁጭ ብዬ እጽፍላችኋለሁ። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልበረደልኝም።

ሰኞ ሐምሌ 14 ሶፍትዌሩን ስከፍት «አዲስ ቨርዥን አለ» አለኝ። ምን እንደተቀየረ ለማየት ዝርዝሩን ከፈትኩት። «አዲስ ገጽታና ልዩ ልዩ ማሻሻያዎች» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ክፉ አላሰብኩም፤ አዘመንኩት። ተመልሶ ሲከፈት ሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ።

በድሮው ገጽ ላይ የስዊቹ ፊት እንዳለ ተሥሎ ነበር። 24ቱ ፖርቶች (የኬብል መሰኪያዎች) በሁለት ረድፍ፣ ጎዶሎ ቁጥሮቹ ከላይ፣ ሙሉዎቹ ከታች፤ ልክ ራኩ (የመሣሪያ መደርደሪያው) ላይ እንዳለው ዕቃ። ዓይኔን ከስክሪኑ ወደ ራኩ ሳዞር ሁለቱ አንድ ነበሩ። አሁን ሥዕሉ ጠፍቶ በረጅም ዝርዝር ተተክቷል። ዝርዝሩ ደግሞ ከፖርት 1 ቀጥሎ 10 ይላል፤ ከዚያ 11፣ 12 እያለ 19 ይደርስና 2 ብሎ ይመለሳል። ቀጥሎ 20። ቁጥሩን እንደ ፊደል ስለደረደራችሁት እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ይህን ሳታዩ እንዴት ለቀቃችሁት? ልጄ ገና አንደኛ ክፍል ናት፤ እሷ እንኳ እንዲህ አትቆጥርም።

አንዱን ስዊች ተለያይተው ወደሚሠሩ ኔትወርኮች የሚከፍለው «ቪላን» የሚለው ቃልም ከሜኑው ወጥቷል። «ኔትወርክስ» ተብሏል። «ትራንክ» (ብዙ ቪላን የሚያሳልፍ ፖርት) እና «አክሰስ» (ለአንድ ቪላን ብቻ የሆነ) የሚሉትም ጠፍተው «ፕሮፋይል» የሚባል ነገር ውስጥ ገብተዋል። አብሮኝ የሚሠራ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተለማማጅ አለ። ቪላንን በ802.1ኪው ስታንዳርድ አንብቦ፣ ቁጥሩ ከ1 እስከ 4094 እንደሆነ በቃሉ ይዞ ነው የመጣው። «ጋሼ፣ ይሄ ስዊች ቪላን አይሠራም እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። ምን ልበለው? ስታንዳርዱ በፈረንጆቹ 1998 ከወጣ ጀምሮ ዓለም ሁሉ የሚጠራበትን ስም እናንተ ባንድ ሌሊት ለወጣችሁት።

ይህ ሁሉ ይለመድ ነበር። ደብዳቤ ያስጻፈኝ ሐሙስ ማታና ዓርብ ጠዋት የሆነው ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለትልቁ አዳራሽ ኔት እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። በማግሥቱ 60 ሰው የሚገኝበት ሥልጠና ነበር። የአዳራሹ ፖርቶች ከ13 እስከ 18 ያሉት ናቸው። ሥራ በሌለ ጊዜ ዘግቼ ነው የማስቀምጣቸው፤ ማንም እንግዳ ላፕቶፑን ሰክቶ ኔትወርካችን ውስጥ እንዳይገባ። እነዚያን ከፈትኩ። ሠልጣኞቹ ከካሸሯ ማሽን ጋር እንዳይቀላቀሉ ቪላን 50 ፈጠርኩ፤ ትራንኩ ላይም 50 እንዲያልፍ ፈቀድኩ። «አፕላይ» አልኩ። አረንጓዴ ምልክት መጣና «ሰክሰስ» አለኝ። በስልኬ ሞከርኩት፤ ዋይፋዩም ይሠራል። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ግልባጩ ለሥራ አስኪያጃችን ስለሚደርስ ቀጥሎ ያለውን ትንሽ ላብራራው። ስዊች ላይ የሚደረግ ለውጥ ሁለት ደረጃ አለው። «አፕላይ» ሲባል ለውጡ ወዲያው ይሠራል፤ የሚቀመጠው ግን ራኒንግ ኮንፊግ ላይ፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ በሚጠፋ ሜሞሪ ውስጥ ነው። «ሴቭ» ሲባል ነው ስታርትአፕ ኮንፊግ ላይ ገብቶ ስዊቹ ጠፍቶ ሲነሣ የሚያስታውሰው። ባለሱቅ ዱቤን በመዳፉ ላይ ቢጽፍ እጁን እስኪታጠብ ድረስ ያስታውሳል። ደብተር ላይ ካልገለበጠው ግን አለቀ።

በድሮው ቨርዥን ለውጥ ባደረግሁ ቁጥር ከላይ በስተቀኝ «ሴቭ» የሚል ቀይ በተን ብልጭ ድርግም ይል ነበር። እስክጫነው ድረስ ዝም አይልም፤ እንደ ሕፃን ይነዘንዘኛል። ተባረክ የምለው በተን ነበር። በአዲሱ ላይ የለም። ዓርብ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ነው ያገኘሁት፤ ሦስት ነጠብጣብ ካለበት ቦታ ተገብቶ «ሜንቴናንስ»፣ ከዚያ «ኮንፊግሬሽን»፣ ከዚያ ገጹን ወደ ታች ሲጎትቱት። «ሰክሰስ» የሚለው አረንጓዴ ምልክት «ገና ሴቭ አልተደረገም» የሚል አንዲት መስመር እንኳ የለውም።

ሐምሌ ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ በሐምሌ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌሊት ከጣና ላይ የተነሣ ንፋስ ዝናቡን ይዞት መጣ፤ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ስዊቹ ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ስዊቹን ማቆየት የነበረበት የዩፒኤስ ባትሪ አርጅቷል፤ እሱ የእኛ ጥፋት ነው፣ አልክድም። ስዊቹ ሲነሣ የሐሙስ ሥራዬን በሙሉ ረስቶታል።

ጠዋት 1 ሰዓት ከ40 ላይ የአዳራሹ ኃላፊ ደወለች። «ወንድሜ፣ ኧረ ድረስልን! አዳራሹ ውስጥ ኔት የሚባል ነገር የለም!» ከአባይ ማዶ በባጃጅ፣ በአዲሱ ድልድይ በረርኩ። ስደርስ ሠልጣኞቹ በር ላይ ተሰልፈዋል። ምዝገባው በኦንላይን ነው።

ሶፍትዌሩን ከፈትኩ። ከ13 እስከ 18 ያሉት ፖርቶች አመድማ ሆነዋል። ድሮ የተዘጋ ፖርት ቀይ ኤክስ ነበረው፤ ኬብል ያልተሰካበት ደግሞ ጥቁር ነበር። አሁን ሁለቱም አመድማ ናቸው። አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ነጣ ይላል፤ ይህንን ያወቅሁት በኋላ ብራይትነሱን እስከ መጨረሻ ከፍ አድርጌ ነው። የስዊቹ ላይትም አያግዝም፤ ፖርቱ ቢዘጋም፣ ኬብሉ ቢበጠስም ያው አይበራም። ስለዚህ ኬብል ነው ብዬ ደመደምኩ። ማታ ሲሠራ አይቼዋለሁና ፖርቱ ተዘግቷል ብዬ በምን ላስብ? ኬብል ቀየርኩ። አዳራሽ ወለል ላይ ተንበርክኬ፣ ክሪምፐር (የኬብል ራስ ማሰሪያ) ይዤ፣ ስድስት ራስ ቆርጬ አዲስ አሰርኩ። ሠልጣኞቹ ቡናቸውን ይዘው ከላዬ ቆመው ያዩኛል። አንዱማ «ኢንጂነር፣ እናግዝህ?» አለኝ። ስድስቱም አልበሩም።

ከዚያ ሎጉን፣ የሆነው ሁሉ ከነሰዓቱ የሚመዘገብበትን፣ አየሁ። ግንኙነት የተቋረጠው 00:20 ላይ ነው ይላል። እኩለ ሌሊት ማለት በእኛ 6 ሰዓት ነው ብዬ የጥበቃውን አባት ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ ሌሊት 6 ሰዓት ከ20 ላይ ምን ነበር?» አልኳቸው። «ምንም። መብራት የሄደው 9 ሰዓት አልፎ ነው፤ እኔ ነኝ ጄኔሬተሩን ያስነሣሁት» አሉ። እንግዲያው የማታው ችግር መብራቱ አይደለም ብዬ ሌላ ነገር ፍለጋ ገባሁ። ለካ ስታዘምኑት ሰዓቱን ከአዲስ አበባ ወደ ዩቲሲ፣ ወደ ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ መልሳችሁታል። እኛ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። 00:20 ማለት 3:20፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9:20 ነው። ሽማግሌው ልክ ነበሩ፤ የተሳሳተው ሶፍትዌሩ ነው። ገጹ ላይ ዩቲሲ የሚል ጽሑፍ የለም። ሰዓት መቁጠር ለእኛ ያለዚያም ሁለት ሒሳብ ነው፤ እናንተ ሦስተኛ ጨመራችሁበት።

ሁሉም ነገር የተስተካከለው 4 ሰዓት ከ10 ላይ ነው። ሠልጣኞቹ በወረቀት ተመዘገቡ። አዘጋጆቹ የግማሽ ቀን የአዳራሽ ኪራይ አንከፍልም ብለዋል፤ ሆቴሉም እሺ ብሏል። ምን ይበል?

ወደ እናንተ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣው ልጅ ትሑት ነው፤ እሱን አልወቅስም። መልሱ ግን «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዱታል» የሚል ነበር። ወደ ድሮው መልሱልኝ ስለው ዳታቤዙ ስለተቀየረ መመለስ አይቻልም አለኝ። ይህን ከማዘመኔ በፊት የነገረኝ ማነው?

መልካሙንም ልናገር። እያንዳንዱ ፖርት ስንት ዋት እየሰጠ እንደሆነ የሚያሳየው አዲሱ ገጽ ጥሩ ነው። ካሜራዎቻችን ኤሌክትሪክ የሚያገኙት በኔትወርክ ኬብሉ ነው፤ ለዚህ በወጣው 802.3ኤኤፍ ስታንዳርድ ደግሞ ስዊቹ ለአንድ ፖርት ቢበዛ 15.4 ዋት ነው የሚሰጠው። የጀልባ መሳፈሪያው ጋ ያለው ካሜራ ማታ ማታ ለምን እንደሚጠፋ ለወራት ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ማታ የሚስበው ኃይል ከዚህ በላይ መሆኑን በዚህ ገጽ ማክሰኞ ዕለት አገኘሁት። ስለዚህ አዲስ ነገር አልወድም እያልኩ አይደለም።

የምጠይቀው ይህ ነው። ሴቭ ያልተደረገ ለውጥ ካለ ከየትኛውም ገጽ ላይ የሚታይ ማስጠንቀቂያ ይመለስልን፤ ይህን ለሚቀጥለው ቨርዥን አታቆዩት። የተዘጋና ባዶ ፖርት በቀለም ብቻ ሳይሆን በምልክት ይለዩ። ሎጉ ላይ የሰዓት ቀጠናው ይጻፍ፤ ስናዘምን ያስገባነው ሴቲንግም አይነካ። የፖርቶቹ ቅደም ተከተል ይስተካከል፤ ይሄ ላንድ ፕሮግራመር የግማሽ ቀን ሥራ ይመስለኛል። ወደ ኋላ መመለስ የማይቻል ከሆነ ደግሞ «አዘምን» ከሚለው በተን በላይ በትልቁ ይጻፍ። ስለጠፋው የአዳራሽ ኪራይ ሥራ አስኪያጃችን በራሳቸው ደብዳቤ ይጠይቋችኋል።

መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ፤ በስልክ «ይለምዱታል» እንዳትሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሥልጠና አለብን። እስከዚያ ድረስ ሞኒተሩ ጠርዝ ላይ በቀይ ማርከር «ሴቭ!» ብዬ የጻፍኩበትን ወረቀት በፕላስተር ለጥፌያለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የሆቴሉ የኔትወርክ ቴክኒሻን

ግልባጭ፦
ለሥራ አስኪያጅ
ለፋይናንስ ክፍል